ዶሃን ማንበብ፦ አንዲት ዘመናዊት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ቅርሷን የምትይዝባቸው መንገዶች

መግቢያ

የባሕረ ሰላጤውን ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ጎብኚ በአብዛኛው ከሁለት አሳቦች አንዱን ይዞ ይመለሳል። አንደኛው፣ እነዚህ ከተሞች ትናንት በነዳጅ ገንዘብ የተተከሉ፣ ከመስታወትና ከብረት በቀር የሚያሳዩት የሌላቸው ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየገበያውና በየሙዚየሙ የቀረበውን ሁሉ ሳይለወጥ እንደቆየ ጥንታዊ ሕይወት አድርጎ ይቀበላል። ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ቅርስን እንደ ማዕድን ከመሬት የሚገኝ፣ ወይ ያለ ወይ የሌለ ነገር አድርገው ይወስዱታል።

ይህ ጽሑፍ የኳታርን ዋና ከተማ ዶሃን በምሳሌነት ወስዶ የተለየ አቀራረብ ይከተላል። ቅርስ አንድ ማኅበረሰብ ካለፈው ዘመኑ መርጦ የሚያነሣውና ለተተኪው የሚያስረክበው ነገር ነው። ምርጫ ባለበት ሁሉ ደግሞ የተተወ ነገር ይኖራል። ስለዚህ ጎብኚው ስለ አንድ ሕንፃ አሮጌነት ወይም አዲስነት ከመጠየቁ በፊት ማን እንደ መረጠው፣ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ምንስ እንደ ተተወ መጠየቅ ይኖርበታል። ከተማዋ ለዚህ ጥያቄ ምቹ መንገድ አላት። በ2019 አገልግሎት የጀመረው የዶሃ ሜትሮ ወርቃማ መስመር ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሱቅ ዋቂፍ እና ምሸይረብ የተባሉ ሦስት ተከታታይ ጣቢያዎች አሉት። ሦስቱ ሥፍራዎች ቅርስን የመያዝ ሦስት የተለያዩ ስልቶችን ያሳያሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከዕንቁ ወደ ነዳጅ

ዶሃ ከነዳጅ በፊት ኑሮዋን በዕንቁ ላይ የመሠረተች የባሕር ከተማ ነበረች። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ጀልባዎች ወደ ዕንቁ መደቦች ይወጣሉ። ጠላቂዎች አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ዘግተው፣ እግራቸውን በድንጋይ አክብደው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ፤ ትንፋሻቸው ሲያልቅ ከላይ ያለው ባልደረባቸው በገመድ ስቦ ያወጣቸዋል። የትርፉ ክፍፍል ግን እንደ ድካሙ አልነበረም። ጠላቂው ከጀልባው አዛዥ፣ ከናኾዳው፣ ቅድሚያ ገንዘብ ይበደራል፤ የወቅቱ ገቢ ዕዳውን ካልሸፈነ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። በዚህ መንገድ ብዙዎች ለአንድ አዛዥ ለዓመታት ታስረው ኖረዋል። ከጠላቂዎቹና ከገመድ ሳቢዎቹ መካከልም በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በጃፓን የሚራባው ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቀውና የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ይህ ኑሮ ከሥሩ ተናጋ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ወቅት በአገሪቱ ምዕራብ በዱኻን ነዳጅ ቢገኝም፣ ጦርነቱ ሥራውን ስላቋረጠው ወደ ውጭ መላክ የተጀመረው በ1949 መጨረሻ ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት በአካባቢው ሰዎች ትዝታ የረሀብና የስደት ዘመን ሆነው ቀርተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። ከኮራል ድንጋይ፣ ከጭቃና ከጀሶ የተሠሩት ባለ ግቢ ቤቶች ለመኪና መንገድና ለሲሚንቶ ሕንፃዎች ቦታ ለቀቁ። የባሕሩ ጠርዝ በአፈር ተሞልቶ ወደ ውስጥ ተገፋ። ብዙ የአገሬው ቤተሰቦች ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ሲሄዱ፣ የቀድሞው የከተማ ማዕከል ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው የውጭ አገር ሠራተኞች ተከራይተው የሚኖሩበትና የሚገበያዩበት ሆነ። ኳታር በ1971 ነፃ አገር ስትሆን ይህ ሂደት በመፋጠን ላይ ነበር። የቅርስ ጥበቃ አሳቡም ቀድሞ አልጠፋም፤ በ1975 የሼኽ ዐብደላህ ቢን ጃሲም አል ሣኒ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ታድሶ ብሔራዊ ሙዚየም ሆኗል፤ ይህ ሥራ በ1980 የአጋ ኻን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ሰፊው የጥበቃ እንቅስቃሴ የተነሣው ግን አብዛኛው አሮጌ ከተማ ከፈረሰ በኋላ ነው። ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ዛሬ የሚታየውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ሱቅ ዋቂፍ፦ የመመለስ ስልት

«ሱቅ ዋቂፍ» ማለት የቆመ ገበያ ማለት ነው። ገበያው ምሸይረብ በተባለው የጎርፍ መውረጃ አፍ፣ በባሕሩ ዳር ተመሠረተ፤ ውሃው መሬቱን ሲሸፍነው ነጋዴዎች ቆመው ይሸጡ ስለነበር ስሙን እንዳገኘ ይነገራል። ከበረሃ የሚመጡ ዘላኖች ሱፍ፣ ቅቤና እንጨት ያመጣሉ፤ በባሕር የመጣውን ሩዝ፣ ተምርና ጨርቅ ይወስዳሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ገበያው በቆርቆሮ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በሲሚንቶ ሕንፃዎች ተውጦ ነበር። በ2003 የደረሰ የእሳት ቃጠሎ ብዙውን ክፍል ጎዳው።

ከ2004 ጀምሮ በሠዓሊ ሙሐመድ ዐሊ ዐብደላህ መሪነት የተካሄደው እድሳት ከተለመደው ጥገና የራቀ ነበር። በመካከሉ የገቡት ዘመናዊ ሕንፃዎች ፈረሱ። የቆርቆሮው ክዳን ተነሥቶ በምትኩ አጣናና ቀርከሃ ተረበረበ፤ በላዩም ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ተለሰነ። ሙቀትን የሚከላከሉት የቀድሞ የግንባታ ዘዴዎችም ተመለሱ። ሥራው በ2010 ለአጋ ኻን የኪነ ሕንፃ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆኗል።

ይህ ሥራ በቅርስ ጥናት ዘንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቅሳል። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት ያስተምራል። በዚህ መለኪያ የሱቅ ዋቂፍ አንዳንድ ክፍሎች ከባድ ጥያቄ ይቀርብባቸዋል፤ አሮጌው ከአዲሱ የሚለይበት ምልክት ለጎብኚው ዓይን ግልጽ አይደለምና። የ1994ቱ የናራ ሰነድ በበኩሉ የቅርስ እውነተኝነት በየባህሉ መለኪያ ሊመዘን እንደሚገባ፣ ከቁሱ ዕድሜ በተጨማሪ አገልግሎትን፣ የአሠራር ጥበብንና መንፈስን ማየት እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልተለሰነ አይኖርም፤ መታደሱ የባሕርዩ አካል ነው። የባሕረ ሰላጤው የጭቃና የኮራል ሕንፃ ከሰሜን አውሮፓ የጥርብ ድንጋይ ካቴድራል ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይችልም የሚለው ክርክር ክብደት ያለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለሱቅ ዋቂፍ ትልቁ መከራከሪያ ግን የዕለት ኑሮው ነው። የአገሬው ሴቶች ቅመምና ጨርቅ ይገዛሉ፤ አረጋውያን ሸቀጥ ተሸካሚዎች የእጅ ጋሪያቸውን እየገፉ ደንበኛ ይከተላሉ፤ በጭልፊት ገበያው ወፎቹ ዓይናቸው በቆዳ ቆብ ተሸፍኖ ተደርድረው ይታያሉ፤ አጠገቡም ለጭልፊቶች ብቻ የሚሠራ የሕክምና ቤት አለ። በአንጻሩ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች እየበዙ ሲሄዱ፣ ገበያው ከመገበያያነት ወደ መዝናኛነት እንዳያዘነብል የሚያሠጋ ነገር አለ። ሕንፃው ቢመለስም ሥራው ካልተመለሰ የሚቀረው ገጽታው ብቻ ነውና።

ምሸይረብ፦ የመተርጎም ስልት

ከሱቅ ዋቂፍ በእግር ጥቂት እንደተጓዙ የሚገኘው ምሸይረብ ሌላ መንገድ መርጧል። በ31 ሄክታር ላይ የተሠራውና ግንባታው በ2010 የተጀመረው ይህ የከተማ ልማት የጥንቱን ቅርጽ ለመቅዳት አይሞክርም። የሚፈልገው የቅርጹን ምክንያት ነው። የቀድሞዎቹ ዶሃውያን ቤቶቻቸውን አጠጋግተው የሠሩት አንዱ በሌላው ላይ ጥላ እንዲጥል ነው፤ መንገዶቹን ያጠበቡትና አቅጣጫቸውን ያስተካከሉት ከባሕሩ የሚመጣውን ነፋስ ለመሳብ ነው፤ ግድግዳውን አወፍረው መስኮቱን ያሳነሱት ሙቀቱንም የመንገደኛውንም ዓይን ለመከልከል ነው። ምሸይረብ እነዚህን መርሖች በአዲስ ቁስ ተርጉሟቸዋል። ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በአዕማድ የተደገፉ ጥላማ በረንዳዎች፣ ባለ ውስጥ ግቢ ቤቶችና ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ የጋራ አደባባይ አሉት፤ አብዛኛው የመኪና ማቆሚያና የአገልግሎት መስመር ከመሬት በታች ነው።

ከመመለስ ይልቅ መተርጎም ሐቀኛ ነው ሊባል ይችላል፤ ማንም አዲሱን ሕንፃ አሮጌ ነው ብሎ አይሳሳትምና። ሆኖም ምሸይረብ በባዶ መሬት ላይ አልተሠራም። ከላይ እንደ ተገለጸው፣ ሰፈሩ ለሁለትና ለሦስት ዐሥርት ዓመታት በአብዛኛው ከደቡብ እስያ የመጡ ሠራተኞች ይኖሩበት ነበር። የልብስ ሰፊዎች፣ የጥገና ሱቆች፣ የርካሽ ምግብ ቤቶችና የተጨናነቁ የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነበር። ያ ዘመንም የዶሃ ታሪክ ነው። የዕንቁውን ዘመን መርሖች የተረጎመው ፕሮጀክት ከዚህኛው ዘመን ሕንፃዎችና ማኅበራዊ ሕይወት የጠበቀው እጅግ ጥቂት ነው። ለቅርስ ተመራማሪ ይህ መሠረታዊ ነጥብ ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ የአያቶቹን ዘመን ቅርስ ብሎ ሲያከብር፣ የቅርቡን ዘመን «የተጎሳቆለ ሰፈር» ብሎ ሊያነሣው ይችላል። የዕድሜ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን የክብር ልዩነቱ ትልቅ ይሆናል።

ሙዚየሞቹ፦ የመተረክ ስልት

በመስመሩ ሌላ ጫፍ ያለው የኳታር ብሔራዊ ሙዚየም መጋቢት 28 ቀን 2019 ተከፈተ። ፈረንሳዊው የኪነ ሕንፃ ባለሙያ ዣን ኑቬል ቅርጹን ያገኘው የበረሃ ጽጌረዳ ከሚባለው፣ አሸዋና ማዕድን ተጋግረው በተፈጥሮ ከሚሠሩት የቅጠል መሰል ድንጋይ ነው። 539 ግዙፍ ክብ ዲስኮች እርስ በርስ እየተጠላለፉ ግድግዳም ጣሪያም ይሆናሉ። ጎብኚው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ከምድሪቱ አፈጣጠር፣ በዘላኖችና በባሕረኞች ሕይወት በኩል፣ እስከ ነዳጅና ጋዝ ዘመን ይደርሳል። ከሚታዩት ዕቃዎች መካከል በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለሕንዱ የባሮዳ ገዥ የተሠራው፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የባሕረ ሰላጤ ዕንቁዎች የተሰፉበት ምንጣፍ ይገኛል። የጉዞው ፍጻሜ ግን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ይስባል፤ ከአዲሱ ሕንፃ መካከል በ1975 ሙዚየም የነበረው ያ የድሮ ቤተ መንግሥት ታድሶ ቆሟል። አዲሱ ግዙፍ ሕንፃ ትንሹን አሮጌ ቤት እንደ ዕንቁ በዛጎል ይዞታል።

ከኮርኒሹ ዳር በሰው ሠራሽ ደሴት ላይ የቆመውና በ2008 የተከፈተው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ደግሞ ከአገር በላይ የሆነ ትረካ ያቀርባል። አይ. ኤም. ፔይ ሕንፃውን ሲነድፍ መነሻ ያደረገው በካይሮ በኢብን ጡሉን መስጊድ ግቢ ያለውን የውዱእ ምንጭ ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ሙዚየም ስለ አገር ሲናገር ሁለተኛው ያችን ትንሽ አገር ከአንዳሉስ እስከ ሕንድ በተዘረጋ ሥልጣኔ ውስጥ ያስቀምጣታል።

የቢን ጀልሙድ ቤት፦ የመመስከር ስልት

እስከዚህ የታዩት ሁሉ የሚያኮሩ ናቸው። የአንድ ከተማ ለቅርስ ያላት ቁም ነገር የሚፈተነው ግን በሚያሳፍረው ላይ ነው። በምሸይረብ መካከል ከመፍረስ የተረፉ አራት አሮጌ ቤቶች በ2015 ሙዚየም ሆነው ተከፍተዋል። የረድዋኒ ቤት የቤተሰብን ኑሮ፣ የሙሐመድ ቢን ጃሲም ቤት የከተማዋን ለውጥ፣ የኩባንያው ቤት የመጀመሪያዎቹን የነዳጅ ሠራተኞች ይዘክራሉ። አራተኛው የቢን ጀልሙድ ቤት ስለ ባርነት ይናገራል። በዓረቡ ዓለም ባርነትን ብቻ ጉዳዩ አድርጎ የተነሣ ሙዚየም ከዚያ በፊት እምብዛም አይታወቅም።

ኤግዚቢሽኑ ባርነት በዓለም ታሪክ ከነበረው ሥፍራ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ያልፋል። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አካባቢዎች የተወሰዱ ሰዎች በዕንቁ ጀልባ፣ በተምር እርሻና በየቤቱ ሥራ ላይ እንደ ዋሉ ያሳያል። በኳታር ባርነት የተሻረው በ1952 ሲሆን መንግሥት ካሣ የከፈለው ለባለቤቶቹ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት የነዳጅ ሥራ የመጀመሪያ ዓመታት በባርነት የተያዙ ሠራተኞች ደመወዛቸውን ለጌቶቻቸው ያካፍሉ እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ ነዳጁ ወዲያውኑ ነፃ አላወጣም፤ አሮጌው ግንኙነት ወደ አዲሱ ኢንዱስትሪ ተሸጋግሮ ነበር። የኤግዚቢሽኑ መጨረሻ በዘመናችን ስላለው የሰው ዝውውርና የጉልበት ብዝበዛ ያነሣል። ከነዋሪዎቿ መካከል የውጭ ዜጎች እጅግ በሚበልጡባት፣ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችም በሚኖሩባት ከተማ ይህ ርእስ ያለፈ ታሪክ ብቻ ሆኖ ሊነበብ አይችልም።

ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ይህ ቤት የተለየ ትርጉም አለው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ እየተያዙ በታጁራ፣ በዘይላና በምጽዋ በኩል ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ሰዎች ታሪክ በአገር ውስጥ ምንጮች የሚገኘው በአብዛኛው ከመነሻው ወገን ነው፤ ሰዎቹ ከተሻገሩ በኋላ ምን እንደ ሆኑ የሚናገረው ጥቂት ነው። በብሪታንያ የባሕረ ሰላጤ ወኪሎች መዝገብ ውስጥ ግን ነፃ ለመውጣት ያመለከቱ ሰዎች የሰጧቸው ቃሎች ተጠብቀዋል፤ ከእነርሱም መካከል ትውልዳቸው ሐበሻ መሆኑን የተናገሩ አሉ። የት እንደ ተወለዱ፣ በስንት ዓመታቸው እንደ ተያዙ፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተሸጡ በአጭር ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል። እነዚህ ሰነዶች በኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በብሪቲሽ ላይብረሪ ትብብር በተቋቋመውና በ2014 ለሕዝብ በተከፈተው የኳታር ዲጂታል ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ሆኖ ማንበብ ይቻላል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ቃሉ የተሰጠው በአንድ ቋንቋ፣ የተጻፈው በሌላ ነው፤ ጸሐፊው ለውሳኔ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጧል፤ የቦታ ስሞች በጆሮ እንደ ተሰሙ ተጽፈዋል። ስሞቹን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው የሚመልሰው የኢትዮጵያን ቋንቋዎችና መልክዐ ምድር የሚያውቅ ተመራማሪ ነው። ይህ ሥራ ገና ሰፊ መስክ አለው።

የማይዳሰሰው ቅርስ

የከተማዋ ቅርስ በግድግዳ ብቻ አይወሰንም። በ2015 ኳታር ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኦማንና ከዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን የዓረብ ቡናን እና መጅሊስን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስመዝግባለች። በኢትዮጵያ «መጅሊስ» ሲባል የሚታወሰው የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ግን ቃሉ እንግዳ የሚቀበሉበትን፣ ጎረቤት የሚመክርበትንና ወጣት ከሽማግሌ ወግ የሚማርበትን የቤት ክፍልም ያመለክታል። ቡናው በስሱ ተቆልቶ በሄል ይቀመማል፤ እጀታ በሌለው ፍንጃል ጥቂት ጥቂት ይቀዳል፤ የበቃው እንግዳ ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል። አቦል፣ ቶናና በረካ ለሚያውቅ ጎብኚ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። ተክሉ ከኢትዮጵያ ደን ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ሲዳረስ፣ በሁለቱም ዳርቻዎች ከመጠጥነት አልፎ የመከባበሪያ ቋንቋ ሆኗል።

የአፍሪካ ፈለግ በዜማም ይሰማል። በባሕረ ሰላጤው የሚታወቀው ታምቡራ ከክራርና ከበገና ወገን የሆነ ባለ አውታር መሣሪያ ነው፤ ለይዋ የተባለው ጭፈራም ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ነው። ከባሕር ማዶ በግዳጅ የመጡ ሰዎች የተዉት ሀብት ዛሬ የአገሬው ባህል ተብሎ ይቀርባል። የቢን ጀልሙድን ቤት ያየ ሰው ይህን ዜማ ሲሰማ ሁለቱን ማያያዝ ይችላል።

አል ዙባራ፦ የመተው ስልት

ከዶሃ በስተ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አል ዙባራ ለንጽጽር ታገለግላለች። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዕንቁና በንግድ የበለጸገችው ይህች ከተማ በ1811 ጥቃት ደርሶባት ወደቀች፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ፈጽሞ ተለቀቀች። በ2013 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እዚህ ገበያ አልታደሰም፤ ማማም አልተሠራም። ከ1938ቱ ምሽግ በቀር ለዓይን የሚታየው የግድግዳ መሠረትና አሸዋ ነው፤ አብዛኛው ከተማ ገና በአሸዋው ሥር ነው። አሸዋው የሸፈነውን ጠብቆታልና መተውም የጥበቃ መንገድ ነው። ከሱቅ ዋቂፍ ግርግር በኋላ አል ዙባራን የሚያይ ጎብኚ፣ በዶሃ የተመለሰው ምን ያህል የሰው ውሳኔ እንደሆነ በጉልህ ይረዳል።

ማጠቃለያ

ዶሃ ቅርሷን በመመለስ፣ በመተርጎም፣ በመተረክና በመመስከር ትይዛለች፤ ከከተማዋ ውጭ ባለችው አል ዙባራ ደግሞ በመተው። እያንዳንዱ ስልት የሚያተርፈውም የሚያጎድለውም አለው። መመለስ ኑሮን ያነቃቃል፤ አሮጌውን ከአዲሱ ግን ያደባልቃል። መተርጎም ጥበቡን ያስቀጥላል፤ በመካከል የነበረውን ዘመን ግን ሊሰርዝ ይችላል። መተረክ አገርን ያሰባስባል፤ የሚያኮራውን ግን ያስቀድማል። መመስከር ከሁሉ የከበደው ነው፤ የተናገረውን ያህል ከዛሬው ኑሮ ጋር እንዲተያይ ይጠየቃልና።

ስለዚህ የከተማዋ ጉብኝት ከምሸይረብ ጣቢያ ቢጀመር ብዙ ይጠቅማል። ከቢን ጀልሙድ ቤት ወጥቶ ወደ ሱቅ ዋቂፍ የሄደ፣ ከዚያም በብሔራዊ ሙዚየም የባሮዳን ምንጣፍ ያየ ሰው፣ በዚያ ጨርቅ ላይ ከሚያበሩት ዕንቁዎች ጋር ወደ ባሕሩ ወለል የወረዱትን ሰዎች አብሮ ያስባል። ከመካከላቸው የኢትዮጵያ ልጆች እነማን እንደነበሩ ግን የሙዚየም ግድግዳ ብቻውን አይመልስም፤ መልሱ በመዝገብ ቤቶቹ ውስጥ አንባቢ ይጠብቃል።